ጾመኛ እናት ይዞ ጃፓን መሄድ፦ ኮያሳንና ኩማኖ

ጃፓን ልሄድ ነው የሚለኝ ሐበሻ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሦስት ከተሞች ነው፤ ቶኪዮ፣ ኪዮቶ፣ ኦሳካ። ሦስቱም ጥሩ ናቸው፤ አይቷቸው የሚቆጭ የለም። እኔ ግን ከኦሳካ ወደ ደቡብ ውረዱ እላለሁ፤ ተራራና ዝናብ ወደሞላበት ወደ ኪኢ ባሕረ ገብ መሬት። ትልቁ ድርሻ የዋካያማ ግዛት ነው። ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን አይደርሰውም። ብዙው መንደር ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ክፍት ምግብ ቤት የለውም። አውቶቡሱ ካመለጠ ቀጣዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ እያወቅኩ የምመክረው ጾም ለሚጾም፣ ገዳም ለሚሳለም፣ ጠበል ወርዶ ለሚያውቅ ሰው ከጃፓን ሁሉ ቶሎ የሚገባው ይህ አገር ስለሆነ ነው።

ይህ የገባኝ እናቴን ይዤ ስሄድ ነው። እማዬ እኔን ልትጠይቅ የመጣችው በሁዳዴ ነው። "ከፋሲካ በኋላ ብትመጪ አይሻልም?" ብላት፣ "ለፋሲካማ ቤቴን ጥዬ የት እሄዳለሁ!" ብላ ዘጋችኝ። መጣች። ሻንጣዋ ግማሹ ሽሮ ነበር።

ጃፓን ውስጥ ሥጋ መተው ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ዓሣ ነው። ካትሱኦቡሺ የሚሉት በጭስ ደርቆ እንጨት እስኪመስል የጠጠረ ዓሣ አለ። በስሱ ይላግና ፈልቶ መረቅ ይወጣዋል፤ ዳሺ ይባላል። የማይገባበት ነገር የለም፤ ሚሶ የሚሉት የተብላላ አኩሪ አተር ሾርባው፣ ኡዶን የሚሉት ወፍራም ፓስታ መረቁ፣ የተቀቀለው ቆስጣ፣ ቴምፑራ የሚሉት በሊጥ ተነክሮ የተጠበሰ ምግብ ማጥቀሻው ሳይቀር። አስተናጋጇን "ዓሣ አለበት?" ብትሏት "የለም፣ አትክልት ብቻ ነው" ትላለች። እየዋሸች አይደለም፤ መረቅን ማንም እዚያ አገር እንደ ዓሣ አይቆጥረውም። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የእኛ አገር ክርክር የታወቀ ነው፤ እማዬ ከማይበሉት ወገን ናት፣ ያውም አምርራ። ስለዚህ ኦሳካ ውስጥ በነጭ ሩዝ፣ በሙዝና በሽሮዋ ስትኖር ሰነበተች። አንድ ቀን ማታ እንደ ቀልድ "እዚህ አገር መነኩሴ የለም? እነሱስ ምን ይበላሉ?" አለችኝ። እኔም ያኔ ነው ወደ ኮያሳን ስልክ የደወልኩት።

ኮያሳን በስምንት ጫፎች የተከበበ፣ 800 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው የተራራ ላይ ሜዳ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው 800 ሜትር ቆላ ይመስለዋል፤ ብርዱ ግን የደብረ ብርሃን ነው፤ በሚያዝያ ሳይቀር ጋቢ ያስፈልጋል። ከኦሳካው ናምባ ጣቢያ የናንካይ ባቡር ይዛችሁ ጎኩራኩባሺ ስትደርሱ ሐዲዱ ያልቃል። ከዚያ በገመድ የሚጎተት ባቡር ገደሉን ቀጥ አድርጎ በአምስት ደቂቃ ያወጣችኋል። ላይ ስትደርሱም አውቶቡስ ግድ ነው፤ ከጣቢያው እስከ መንደሩ ያለው መንገድ ለእግረኛ አይፈቀድም። ሁሉም ተደምሮ ከናምባ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

ቦታውን ያቀናው ኩካይ የሚባል መነኩሴ ነው። ቻይና ወርዶ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ816 ተራራውን ለገዳም ይሆነው ዘንድ ከንጉሠ ነገሥቱ ተቀበለ። ሕዝቡ ዛሬ የሚያውቀው ኮቦ ዳይሺ በሚለው የክብር ስሙ ነው። አሁን በተራራው ላይ 117 ገዳማት አሉ፤ ከእነሱ ወደ ሃምሳ የሚሆኑት እንግዳ ያሳድራሉ። ሹኩቦ ይሉታል። ሆቴል አትፈልጉ፤ እዚህ ተራራ ላይ ሹኩቦ ያላደረ ሰው መጣሁ ባይል ይሻላል። ምክንያቱም የሚበላው፣ የሚታየውና የሚታደርበት አንድ ቦታ ነው።

ስለ መኝታው ልንገራችሁ፣ እንዳትደነግጡ። ወለሉ ታታሚ የሚባል የሣር ምንጣፍ ነው፤ ጫማ ከደጅ ይቀራል። አልጋ የለም፤ እራት ስትበሉ ፉቶን የሚባለውን ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፈው ይጠብቋችኋል። የክፍሉ በር ወረቀት ስለሆነ የጎረቤት ሳል ይሰማል። በብዙዎቹ መጸዳጃው ኮሪደር ላይ ነው፤ መታጠቢያውም የጋራ ነው፣ ለወንድና ለሴት ተለይቶ። ከ11 ሰዓት በፊት መግባት አለባችሁ (ሰዓቱን በሙሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)፤ እራት በ11 ተኩል ወይም በ12 ይቀርባል፤ የዘገየ እንግዳ ያስቀይማል። ዋጋው እራትና ቁርስን ጨምሮ በነፍስ ወከፍ ከ10,000 የን ይጀምርና ብዙ ቦታ 15,000ን ያልፋል። ርካሽ ነው ብዬ አላታልላችሁም።

አሁን ወደ ምግቡ። የመነኮሳቱ ምግብ ሾጂን ሪዮሪ ይባላል። ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል የለበትም፤ መረቁም ከኮምቡ ማለትም ከባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ይወጣል። እማዬ የጃፓን ሾርባ ያለ ሥጋት የጠጣችው እዚያ ነው። ትንንሽ ቀይ ገበታ ላይ በየሳህኑ ትንሽ ትንሽ ሆኖ ይመጣል፤ የአትክልት ቴምፑራ፣ የተቀመመ ሥራ ሥር፣ አቻር፣ ሩዝ። ሁለት ነገሮች የተራራው የራሱ ናቸው። አንዱ በብርድ ረግቶ የደረቀ ቶፉ፣ ማለትም የአኩሪ አተር አይብ ነው፤ ውኃ ውስጥ ሲመለስ እንደ ስፖንጅ መረቁን ሁሉ ይመጠዋል፤ ስትነክሱት አፍ ውስጥ ይለቀዋል። ሌላው ጎማ ዶፉ ነው። ቶፉ ይባል እንጂ አኩሪ አተር የለበትም፤ ሰሊጥ በጣም ደቅቆ፣ ኩዙ ከሚባል የሐረግ ሥር ከሚወጣ ዱቄት ጋር እሳት ላይ ረጅም ሰዓት ተማስሎ የሚረጋ ነው። እማዬ አንድ ጊዜ ቀምሳ ቀና አለች። "ይሄማ ሰሊጥ ነው!" አለች፣ ከዘመድ የተገናኘች ያህል ፊቷ በርቶ። ጃፓን ሰሊጧን ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከውጭ ነው የምታስገባው፤ የሁመራው ይሁን የሌላ እንጃ፣ እማዬ ግን የእኛው እንደሆነ ወስና ጨረሰች።

ቅር ያላት አንድ ነገር ነበር። ሾጂን ሪዮሪ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርትንም ይከለክላል፤ ሽታቸው ስሜት ያነሳሳል ይላሉ። የእኛ የጾም ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት ምን ይሆናል? እማዬ "እነዚህስ ከእኛ ይብሳሉ" አለች። በአድናቆት ይሁን በሐዘን አልገባኝም። ከዚያ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣዋን አውጥታ ቴምፑራው ላይ ነሰነሰች፤ የሚያስተናግደን ወጣት መነኩሴ አይቶ ለመቅመስ ጠየቀ፤ ቀመሰና ውኃ ፍለጋ ወጣ። ሲመለስ ለጎረቤት ክፍል ቢራ ይዞ ነበር። ገዳም ውስጥ ቢራ ይሸጣል ብዬ ልደብቃት ሳስብ ቀድማኝ፣ "ጠላ የማይጠመቅበት ገዳምስ የት አለ?" ብላ አለፈችው።

ችግሩ ቁርስ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ይቀርባል፤ እማዬ ደግሞ በሁዳዴ ከ9 ሰዓት በፊት አትቀምስም። የቀረበን ምግብ አለመንካት በጃፓን፣ ያውም በገዳም፣ ትልቅ ነውር ነው። ማታውኑ ተናገሩ። እኛ ስንናገር ምንም አልጠየቁንም፤ ጾም ነው ማለት በቂ ነበር፤ ቁርሷ ወደ ኦኒጊሪ ማለትም ወደ ተጠቀለለ የሩዝ ድቡልቡል ተለውጦ ለመንገድ ተሰጣት። ይህን ሆቴል ውስጥ ማስረዳት ግማሽ ቀን ይፈጃል።

አንባቢ ሊጠይቀኝ የሚችለውን ነገር አውቃለሁ፤ ክርስቲያን ሆኖ በቡድሃ ገዳም ማደር እንዴት ነው? ንጋት 12 ሰዓት ወይም 12 ተኩል ላይ የጸሎት ሥርዓት አለ፤ እንግዳ ይጋበዛል። ማንም አያስገድድም። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ሰማሁ፤ ዕጣን ጨምሪ ተብዬ ስጋበዝ በእጄ "ይለፈኝ" አልኩ፤ ቅር ያለው የለም። እማዬ ክፍሏ ሆና የራሷን ውዳሴ ማርያም ደገመች። የወረቀቱ በር እያለ የማን ጸሎት ለማን እንደተሰማ አላውቅም።

እኔን ግን የያዘኝ የተራራው የሴቶች ታሪክ ነው። ኮያሳን ከጥንት ጀምሮ ሴት የማይወጣበት ነበር። ጃፓንን ያዘመነው የሜጂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1872 ክልከላውን ቢያነሳም ተራራው ሴቶችን ከልቡ የተቀበለው ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቆይቶ ነው። ወደ ላይ የሚያስገቡት ሰባት በሮች ነበሩ፤ በየበሩ የሴቶች ማረፊያ ቤት ተሠርቶ፣ ሴቶቹ እዚያ ድረስ መጥተው ይጸልዩ ነበር። ከዚያም በጫፎቹ ዙሪያ ባለው መንገድ እየዞሩ ገዳሙን ከላይ ቁልቁል ያዩታል። ከሰባቱ ቤቶች አንዱ ዛሬም አለ፤ ኒዮኒንዶ ይባላል፤ አውቶቡሱ መንደሩ ሊገባ ሲል በደጁ ያልፋል። ቱሪስቱ አይወርድም፣ እናንተ ግን ውረዱ።

የኩካይ እናትም ልጇን ልታይ ከሩቅ መጥታ መውጣት አልተፈቀደላትም። በተራራው ግርጌ ኩዶያማ በሚባል መንደር፣ ጂሶንኢን በሚባል ገዳም ተቀመጠች። ልጇ በወር ዘጠኝ ጊዜ እየወረደ ይጠይቃት ነበር ይባላል። ይህን ለእማዬ ስነግራት አላስጨረሰችኝም። "ይሄማ የአቡነ አረጋዊ ታሪክ ነው!" እውነትም ነው። ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣም፤ በትውፊቱ የጻድቁ እናት እድና ተከትላቸው መጥታ በተራራው ግርጌ ነው የመነኮሰችው። ይህ ብቻ አይደለም። አቡነ አረጋዊ ሞትን ሳይቀምሱ ተሰወሩ እንላለን፤ ጥቅምት 14 ይከበራል። ኩካይንም እ.ኤ.አ. በ835 ሞተ አይሉም፤ በጥልቅ ተመስጦ ውስጥ ገብቶ አሁንም በሕይወት አለ ይላሉ። ስለዚህ በየቀኑ፣ ንጋት 12 ሰዓትና ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ምግብ ይሄድለታል። መነኮሳት የምግብ ሣጥኑን በትከሻቸው ተሸክመው ድልድዩን ተሻግረው ሲገቡ ቆማችሁ ማየት ትችላላችሁ። እምነቱ ሌላ፣ ዘመኑ ሌላ፣ አገሩ ሌላ ሆኖ ሁለት ተራራዎች እንዲህ አንድ ዓይነት ታሪክ መያዛቸው ይገርመኛል። እማዬ ግን አልገረማትም። "ልጅ ተራራ ሲወጣ እናት የት ትሄዳለች?" አለች።

ያ የምግብ ሣጥን የሚሄድበት ቦታ ኦኩኖኢን ነው። ከኢቺኖሃሺ ድልድይ እስከ ኩካይ መቃብር ሁለት ኪሎ ሜትር ነው፤ ግራና ቀኙ የዘመናት ዕድሜ ያላቸው ሱጊ የሚባሉ ረጃጅም ዛፎችና ከ200,000 በላይ መቃብሮች ናቸው። የጦር አበጋዞች፣ ባላንጣ የነበሩ ሳይቀሩ፣ ጎን ለጎን አርፈዋል። አቋራጭ መንገድ አለ፤ አትውሰዱት። በአቋራጩ በኩል ግን የሚያስቅ ነገር ስላለ ስትመለሱ በዚያ እለፉ፤ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ያቆሙት ሐውልት ነው። ሮኬት የሚመስል አለ። የምስጥ ማጥፊያ ባለሙያዎች ለገደሏቸው ምስጦች ያቆሙት መታሰቢያ አለ። የቡና ኩባንያም ከነሲኒው አለ። እማዬ ሲኒውን አየችና "ለቡናም ተዝካር ያወጣሉ እንዴ?" አለች።

መጨረሻው ድልድይ ላይ ኮፍያ ይወልቃል፤ ፎቶ ማንሳት፣ መብላትና መጠጣት ክልክል ነው። ከዚያ ወዲያ የመብራት አዳራሹ አለ፤ ከ10,000 በላይ ፋኖስ ተሰቅሎበታል። ከሁሉ የሚታወቀው የአንዲት ድኻ ልጅ ፋኖስ ነው። ወላጆቿ ሞተውባት አንድ መብራት ልታበራላቸው ገንዘብ ስታጣ ጸጉሯን ቆርጣ ሸጠች። በዚያው ቀን አንድ ባለጸጋ እልፍ መብራት አበራ። ነፋስ መጥቶ የባለጸጋውን አጠፋው፤ የእሷ ቀረ። የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም ለሚያውቅ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከኮያሳን ወደ ኩማኖ በእግር የሚወስድ መንገድ አለ፤ 70 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከ1,000 ሜትር በላይ የሆኑ ሦስት የተራራ ማለፊያዎችን የሚያሻግር። ጉልበት ያለው ይሂድበት። እኛ በባቡር ወርደን በዋካያማ ከተማ በኩል ኪኢ ታናቤ ገባን። ከታናቤ አውቶቡስ ነው። ሻንጣችሁን ግን ይዛችሁ አትንከራተቱ፤ ከማረፊያ ወደ ማረፊያ የሚያደርሱ ድርጅቶች አሉ፤ ጠዋት ትታችሁት ትሄዳላችሁ፣ ማታ ክፍላችሁ ይጠብቃችኋል።

ኩማኖ የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር ሃይማኖት፣ ሦስት ትልልቅ መቅደሶች አገር ነው፤ ሆንጉ፣ ሃያታማና ናቺ። ወደ እነሱ የሚወስዱት የእግር መንገዶች ኩማኖ ኮዶ ይባላሉ፤ ከኮያሳን ጋር አብረው እ.ኤ.አ. በ2004 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነዋል። ጥንት ዙፋናቸውን የለቀቁ ነገሥታት ከኪዮቶ በእግር ይመጡ ነበር፤ ጎ ሺራካዋ የሚባለው ብቻ ከ30 ጊዜ በላይ መጥቷል። እኔን የሚማርከኝ ግን ከነገሥታቱ ኋላ የሚመጣው ሕዝብ ነው። ኩማኖ ሴት፣ ድኻ፣ በሽተኛ አይልም ነበር። ኢዙሚ ሺኪቡ ስለምትባል የቤተ መንግሥት ገጣሚ የሚነገር አለ፤ ከሺህ ዓመት በፊት ነው። ሆንጉ ከሩቅ ከሚታይበት ኮረብታ ደርሳ የወር አበባዋ መጣ። "ርኩስ ነኝ፣ መግባት አልችልም" ብላ አዝና ባለችበት ሰገደች። ሌሊት በሕልሟ የመቅደሱ አምላክ ግድ የለም፣ ግቢ አላት። ኮረብታው ፉሺዮጋሚ ይባላል፤ ተሳላሚ ሁሉ መቅደሱን መጀመሪያ የሚያይበትና የሚሰግድበት ቦታ ነው። በዚያ ጊዜ ከቅጽር ውጭ፣ ዛፍ ሥር ቆማ ቅዳሴ ያስቀደሰች ሐበሻ ሴት ሁሉ ይህ ታሪክ የሚነካት ይመስለኛል። እኔን ነክቶኛል። እማዬ ሰምታ ዝም አለች፤ አስተያየት አልሰጠችም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

መንገዱን ሙሉ ለመሄድ ከታኪጂሪ እስከ ሆንጉ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው በሁለት ቀን ይሄደዋል፣ በየመንደሩ እያደረ። እግሩ ለማይጸና የምመክረው ከሆሺንሞን ጀምሮ ያለውን የመጨረሻውን 7 ኪሎ ሜትር ነው። አብዛኛው ቁልቁለት ነው፤ ሻይ ቅጠል በተተከለባቸው መንደሮች በኩል ያልፋል፤ ፉሺዮጋሚም እዚሁ መንገድ ላይ ነው። እማዬ በነጠላ ጫማ ሄዳዋለች፤ ባለ ሙሉ ትጥቅ ፈረንጆችን ቀድማ። ደጃፍ ላይ ብርቱካንና አቻር አስቀምጠው ገንዘብ መክተቻ ቆርቆሮ ብቻ የሚተዉ ቤቶች አሉ፤ ሻጭ የለም። እማዬ ብርቱካን ወስዳ ሳንቲሟን ከጣለች በኋላ ሰው አይቶላት እንደሆነ ዞር ዞር ብላ ስታይ ሳቄ መጣ።

የሆንጉ መቅደስ ጣሪያው በዛፍ ቅርፊት የተከደነ፣ ቀለም ያልተቀባ፣ ጸጥ ያለ ነው። ድሮ የነበረው ወንዝ መሃል ባለ ደለል ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1889 ጎርፍ አብዛኛውን ወሰደው፤ የተረፈውን ወደ ኮረብታው አወጡት። አሁን በቀድሞው ቦታ ላይ 34 ሜትር የሚደርስ ትልቅ የብረት በር ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የተሠራ ነው፤ ለእኔ ከአካባቢው ጋር አይሄድም። እማዬ ቅጽሩ ውስጥ አልገባችም፤ "አንቺ ግቢ፣ እኔ ዛፉ ሥር እጠብቅሻለሁ" አለች። ኳስ ለሚወድ አንድ ነገር ልጨምር፤ የኩማኖ ምልክት ሦስት እግር ያለው ቁራ ነው፤ የጃፓን ብሔራዊ ቡድን ማሊያ ላይ ያለውም እሱው ነው።

አሁን እደሩ የምላችሁ ቦታ ሆንጉ አይደለም፤ ከእሱ አጠገብ ያለው ዩኖሚኔ ነው። ሸለቆ ውስጥ የተወሸቀ፣ ጥቂት ማረፊያ ቤቶች ያሉት፣ መሃሉን ትንሽ ወንዝ የሚያቋርጠው መንደር ነው፤ ከየድንጋዩ ሥር እንፋሎት ይወጣል፤ የድኝ ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ከጃፓን ጥንታውያን ፍል ውሃዎች አንዱ ነው ይባላል። ተሳላሚው ወደ ሆንጉ ከመግባቱ በፊት እዚህ ታጥቦ ይነጻ ነበር። ወንዙ ዳር ትሱቦዩ የሚባል የሳንቃ ጎጆ አለ፤ ውስጡ ከዓለት የተፈለፈለ፣ ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ ገንዳ ነው። በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ሰው የሚታጠብበት ፍል ውሃ ነው። በደዌ ሰውነቱ የወደቀ አንድ ጌታ በጋሪ እየተጎተተ መጥቶ እዚህ ተነክሮ ዳነ የሚል የቆየ ታሪክ አለው። ተራ ይያዛል፤ 30 ደቂቃ ይሰጣችኋል፤ ዋጋው ከ1,000 የን በታች ነው።

ትሱቦዩን የማነሳው ለታሪኩ ብቻ አይደለም። የጃፓን ፍል ውሃ ራቁት ነው የሚገባው፣ ከማያውቁት ሰው ጋር። ይህ አንድ ነው። ሁለተኛው፣ ንቅሳት ያለው ሰው አይግባ የሚል ማስታወቂያ በብዙ ቦታ አለ፤ የወንበዴ ቡድን ምልክት ስለነበረ ነው። እማዬ ደግሞ የጎንደር ልጅ ናት፤ አንገቷ በሙሉ ንቅሳት ነው፤ ግንባሯ ላይ መስቀል አላት። ከዚህ በፊት በሌላ ከተማ አንድ መታጠቢያ ቤት በር ላይ ሠራተኛዋ በትሕትና፣ በጣም በትሕትና፣ መልሳናለች። እናቶቻችሁን የምታመጡ ሁሉ ይህን አስቡበት። መፍትሔው ለብቻ በተራ የሚገባበት ውሃ መፈለግ ነው፤ ትሱቦዩም እንደዚያ ነው፤ ከውስጥ ትቆልፉታላችሁ። እማዬ ገብታ እስከ አንገቷ ነከረችና አማትባ፣ "ጠበል አይደለም፣ ግን ወገቤን ያዘው" አለች። አዲስ አበባን ያስቆረቆረው ፍል ውሃ አይደል? ያልገባን ነገር አልነበረም።

መንደሩ መሃል የመቀቀያ ጉድጓድ አለ፤ ውሃው ወደ 90 ዲግሪ ይደርሳል። ከአጠገቡ ሱቅ በመረብ የተቋጠረ እንቁላል ትገዙና ክሩን አስራችሁ ትነክሩታላችሁ። ለጿሚ ስኳር ድንች አለ። ጎረቤቶቹ የራሳቸውን አትክልት ይዘው መጥተው እየቀቀሉ ያወራሉ፤ የመንደሩ ወሬ ሁሉ እዚያ ነው። ያደርንበት ሚንሹኩ፣ ማለትም ቤተሰብ የሚያስተዳድረው ማረፊያ፣ ሩዙን ሳይቀር በፍል ውሃው ቀቅሎ እንደ አጥሚት አቀጠነልን። ባለቤቱ ሽማግሌ ከየት እንደመጣን ሲሰማ ሌላ ነገር አላለም፤ "አበበ!" ብሎ ተነሣና በባዶ እግር መሮጥ አሳየን። የእሱ ዘመን ጃፓኖች የ1964ቱን የቶኪዮ ኦሊምፒክ አይረሱም፤ አበበ ያን ቀን ጫማ እንዳደረገ ልነግረው አልደፈርኩም።

አጠገቡ ካዋዩ አለ፤ የወንዙን ጠጠር በአካፋ ስትቆፍሩ ሙቅ ውሃ ይወጣል፤ ልጆች ካሏችሁ እዚያ ዋሉ።

ናቺን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከቀይ ባለ ሦስት ደርቡ ቤት ኋላ ፏፏቴ የሚታይበት ፎቶ ከዚያ ነው። 133 ሜትር ይወርዳል፤ የሚመለከው ፏፏቴው ራሱ ነው። ዳይሞንዛካ ከሚባለው የድንጋይ ደረጃ ሥር ጀምራችሁ በእግር ውጡ። ማደሪያው ግን ታች ባሕሩ ዳር፣ ኪኢ ካትሱራ ነው። እማዬ በጾም ስለነበረች የወደቡን ቱና ዓሣ ትታ በኦኒጊሪና በሜሃሪ ዙሺ አለፈችው፤ ሜሃሪ ዙሺ በጨው በተቀመጠ የጎመን ዘመድ ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ የሩዝ ጉርሻ ነው፤ የደን ሠራተኞች ምሳ ነበር። የሚነከርበት ሶስ ዳሺ ሊኖረው ስለሚችል ጠይቁ። ስለ ቱናው የምነግራችሁ ከሌላ ጊዜ ጉዞዬ ነው። ካትሱራ ያልቀዘቀዘ ቱና በብዛት ከሚወርድባቸው ወደቦች አንዱ ነው፤ ማለዳ ሙሉ ሙሉ ዓሣው ወለሉ ላይ ተደርድሮ ሲጫረት ይታያል። ከገበያው ፊት ለፊት ባሉት ትንንሽ ቤቶች ሩዝ ላይ ተከምሮ ይመጣል። ጥሬ ሥጋ በአዋዜ የሚበላ ሰው ጥሬ ዓሣ ሲቀርብለት ፊቱን ሲያዞር ማየት ሁልጊዜ ያስቀኛል። እዚያ ቅመሱት፤ እዚያ ካልጣማችሁ ሌላ ቦታ አትሞክሩት።

ሺራሃማን ዝለሉት። ነጭ አሸዋ ያለው የባሕር ዳርቻ ነው፣ አሸዋው እያለቀ ከአውስትራሊያ የመጣ፤ ፓንዳዎቹም እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ ቻይና ተመልሰዋል። በምትኩ ወደ ኦሳካ ስትመለሱ ዩአሳ ውረዱ። የጃፓን ሶያ ሶስ ከዚያ እንደጀመረ ይነገራል፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከቻይና የመጣ ሚሶ ሲብላላ ከላይ ያቀረረው ውሃ ነው አሉ። አሮጌዎቹ የጠመቃ ቤቶች ዛሬም አሉ። ከመንገድ ዳር ሳንሾ የሚባል ምላስ የሚያደነዝዝ ቅመምም ይሸጣል፤ ዋካያማ በእሱ የታወቀች ናት። እማዬ ለበርበሬዋ ትቀላቅለዋለች ብላ ገዛች። ኡሜቦሺን ግን፣ ያንን ጨውና ኮምጣጣ ፍሬ፣ አንዴ ቀምሳ ለእኔ አሳለፈችው፤ ኡሜቦሺ ከሚሠራበት ከአገሪቱ የኡሜ ፍሬ ከግማሽ በላይ የሚበቅለው እዚሁ ነው ብላት አልሰማችኝም።

የመሄጃ ጊዜ፦ ሰኔ ዝናብ ነው፤ ነሐሴና መስከረም አውሎ ነፋስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 የመጣው ናቺና ሆንጉን ክፉኛ ጎድቷል። ጥቅምትና ኅዳር መጀመሪያ ከነቢያት ጾም በፊት ስለሚውሉ ቱናውንም የሚቀላውን የበልግ ቅጠልም ታገኛላችሁ። ሁዳዴ ከሆነ ደግሞ ሚያዝያ፤ ከፍታው ስላለ የኮያሳን የቼሪ አበባ ከኪዮቶው ዘግይቶ ነው የሚፈነዳው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አስቀድሞ ማውጣት ግድ ነው፤ የማደሪያ ማስያዣችሁን ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። የኩማኖን ማረፊያዎች በታናቤ ከተማ የቱሪዝም ቢሮ በኩል በእንግሊዝኛ መያዝ ይቻላል፤ ስትይዙ ዓሣም፣ የዓሣ መረቅም፣ እንቁላልም፣ ወተትም እንደማትበሉ አንድ በአንድ ጻፉ፤ "አትክልት ብቻ" ብትሉ ዳሺው ይመጣል። ጥሬ ገንዘብም ያዙ። በተራራው ውስጥ ካርድ የማይቀበል ቤት ብዙ ነው፤ ታናቤ ላይ አውቶቡስ ከመሳፈራችሁ በፊት ፖስታ ቤት ገብታችሁ አውጡ።